የትብለጥ ድስትና እምቢ ያለው የበግ ሥጋ

ተረቴ መጣች። ከየት? ከድስት። ምን ይዛ? ሽታ ይዛ። ለማን? አፍንጫ ላለው ሁሉ። አፍንጫ ያለህ ጠጋ በል፤ ጉንፋን የያዘህም ጆሮህ ይበቃሃልና ተቀመጥ።

በደብረ ብርሃን፣ ብርዱ እንደ ቁንጫ በሚናከስበት ሰፈር፣ ትብለጥ የምትባል አሮጊት ነበረች። ወገቧ ጎብጧል፤ ምላሷ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ፊደል ጀምራ "ሐ" ላይ ስትደርስ "የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰው" ብላ ተነሥታ የሄደች ናት። አንድ ነገር ግን ከከተማው ሰው ሁሉ አብልጣ ታውቃለች፤ የህንድ የበግ ካሪ መሥራት።

ማን አስተማራት? በጃንሆይ ጊዜ ቫርጊስ የሚባሉ ህንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ በከተማው ነበሩ። ባለቤታቸው ማዳም ሱሳማ ይባላሉ። ትብለጥ ገና ኮረዳ ሳለች እነሱ ቤት ገብታ ስድስት ዓመት ወጥ ቤት ሆነች። ሽንኩርቱን እንደኛ በደረቁ ሳይሆን በዘይት እስኪቀላ መጥበስን፣ ድንብላሉን አምሶ መውቀጥን፣ ሥጋውን ከነአጥንቱ በዝግታ እሳት ማብሰልን፣ ሁሉንም ማዳም ሱሳማ አሳዩዋት። ሲሄዱም ከባዱን ድስታቸውን ትተውላት ሄዱ።

ሰፈሩ ግን አያምናትም። "ወጥ ቤት? ኧረ ወዲያ! ልብስ አጣቢያቸው ነበረች" ትላለች አጥር ለአጥር የምትጎራበታት ጌጤነሽ። "ቢጫ ውሃ አፍልታ ካሪ ነው ትለናለች። በርበሬ ያልነካው ወጥ፣ እሱም ወጥ ሆኖ?"

ታዲያ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤቱ መልእክት መጣ። የእነ ቫርጊስ ልጅ ሊላማ ከህንድ አገር መጥታለች። እዚሁ ደብረ ብርሃን ተወልዳ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ የሄደች ልጅ ናት፤ አሁን ፀጉሯ የሸበተ ሐኪም ሆናለች። መልእክቷ እንዲህ ይላል፦ "እናቴ ካሪዋን ሳታሳየኝ ሞተች። በአገራችን ያልቀመስሁት ድስት የለም፤ ያን ጣዕም ግን አጣሁት። ትብልዬ በሕይወት ካለች፣ ነገ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ታብላኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዬ ይነሣል። ዳግመኛ የምመጣበት ዕድሜ የለኝም።"

"ካለች?" አለች ትብለጥ መልእክተኛውን ከላይ እስከ ታች እያየች። "ምን ማለት ነው 'ካለች'? ሆዷን ባዶ አድርጋ ትምጣ በላት!" ወዲያው አጥሩ ጋ ሄዳ ተጣራች። "ጌጤነሽ! ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ምላስሽን እጠቢው፤ ትውጪዋለሽ!"

አሁን መመለሻ የለም። አፍ ከተናገረ እጅ መሥራት አለበት።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣች። የመንዝ ጠቦት ትከሻና አንገት ከነአጥንቱ ተቆራርጦ ቀርቧል። ሽንኩርቱ በስሱ ተከተፈ፣ በዘይት ጠየመ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ ተወቀጡ። እርድ ገባ፣ ድንብላል ገባ፣ ቁንዶ በርበሬ ገባ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ገቡ። ሥጋው ገባ፣ ተገላበጠ፣ ሙቅ ውሃ ጠጣ፣ በከሰል ምድጃ ላይ ተጣደ።

ከእንግዲህ ትብለጥ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ ሥጋው ለስልሶ ከአጥንቱ እንዲላቀቅ። ማዳም ሱሳማ "አጥንቱን ስታነሺው ሥጋው ካልቀረ ካሪ አይደለም" ይሉ ነበር።

አምስት ሰዓት ሆነ። ትብለጥ ክዳኑን አነሣች፣ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ በማማሰያ ገፋ ገፋ አደረገች። ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ነው።

"ሥጋ ሥጋ፣ ለስልስ!" አለችው። "ካልለሰለስህ ሊላማ ሳትበላ ትሄዳለች፤ ሊላማ ሳትበላ ከሄደች ጌጤነሽ ትስቅብኛለች።"

"አልለሰልስም" አለ ሥጋው።

"ስንቱን ጎረምሳ በምላሴ ያለሰለስሁ ሴት፣ የበግ ትከሻ እንቢ ይለኛል? ለምንድን ነው የማትለሰልሰው?"

"ትንፋሽ የለኝም። ክዳኑ ትንፋሼን አይዝልኝም። ለክዳኑ ንገሪው።"

ድስት ግጣሙን አያጣም ይባላል። እውነት ነው፤ የትብለጥ ድስትም ግጣሙን አላጣም። ግጣሙ ግን አንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ወድቆ ጠርዙ በአንድ በኩል ተጣሟል።

"ክዳን ክዳን፣ ግጠም!" አለችው። "አንተ አልገጥም ብለህ ሥጋው አልለሰልስ ብሏል፤ ሥጋው ካልለሰለሰ ሊላማ ሳትበላ ትሄዳለች፤ ሊላማ ሳትበላ ከሄደች ጌጤነሽ ትስቅብኛለች።"

"አልገጥምም" አለ ክዳኑ። "እኔ የጣልሁሽ ይመስል ትቆጪኛለሽ እንዴ? አንቺ ነሽ የጣልሽኝ። ማዳም ሱሳማ ቢሆኑ ዙሪያዬን በሊጥ ያሽጉኝ ነበር። የስንዴ ሊጥ አምጪና እገጥማለሁ።"

ትብለጥ ጓዳ ገባች። ያለው የጤፍ ዱቄት ነው። የጤፍ ሊጥ ደግሞ ይፈሳል እንጂ ክዳን አይይዝም። የስንዴ ዱቄት ያስፈልጋል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ቤቷ የቀረች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ማን ትሁን? ሌላ ማን ትሆናለች!

ትብለጥ ከመውጣቷ በፊት ክዳኑን አነሣች፣ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ በማማሰያ ገፋ ገፋ አደረገች፣ ከደነች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ሄደች።

"ጌጤነሽ፣ እስቲ አንድ ጣሳ የስንዴ ዱቄት ስፈሪልኝ" አለች፣ የምትለምን ሳይሆን የምትሰጥ መስላ። "ዱቄት ከሌለ ክዳኑ አልገጥም ብሏል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ሥጋው አልለሰልስ ብሏል፤ ሥጋው ካልለሰለሰ ሊላማ ሳትበላ ትሄዳለች፤ ሊላማ ሳትበላ ከሄደች..." እዚህ ላይ ዋጠችው።

"ጨርሺው እንጂ! ሳትበላ ከሄደችስ?"

"ከሄደችማ ሄደች ነው።"

"ጌጤነሽ ትስቅብኛለች ነው፤ እሱን ነው የዋጥሽው!" ጌጤነሽ ሳቋን ከወዲሁ ጀመረችው። "ስሚ፣ ዱቄት ከለከለቻት መባልን አልፈልግም። ግን ዶሮዬ ጣራ ላይ ወጥታ አልወርድ ብላለች። ዐይኔን ከነቀልሁ ጭልፊት ይወስድብኛል። ዶሮዋን አውርጂልኝ፤ ያኔ ጓዳ ገብቼ እሰፍርልሻለሁ። እስከዚያ ግን አልሰፍርም።"

ትብለጥ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ምን ልታደርግ? ድስቷን ልታይ ነዋ! ክዳኑን አነሣች፣ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ በማማሰያ ገፋ ገፋ አደረገች። ሥጋው ያው ነው። ከደነችና የጌጤነሽ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሄዳ ቀና አለች።

"ዶሮ ዶሮ፣ ውረጂ! አንቺ አልወርድ ብለሽ ጌጤነሽ ዱቄት አልሰፍር ብላለች፤ ዱቄት ከሌለ ክዳኑ አልገጥም ብሏል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ሥጋው አልለሰልስ ብሏል፤ ሥጋው ካልለሰለሰ ሊላማ ሳትበላ ትሄዳለች፤ ሊላማ ሳትበላ ከሄደች ጌጤነሽ ትስቅብኛለች!"

"አልወርድም" አለች ዶሮዋ ከላይ ሆና። "እትዬ ትብለጥ፣ ከሥሬ ማን እንደ ተቀመጠ አላዩም? ድመቷ ጢሟን እየላሰች ነው። ወርጄ ምሳ ልሁንላት? እሷ ካልሄደች አልወርድም።"

"ለሷ ምሳ የምትሆኚ አይመስለኝም፤ ከላባ በቀር ምን አለሽ?" አለች ትብለጥ። ዶሮዋ ተቀየመችና ፊቷን አዞረች። አሁን ምንም ቢሏት አትወርድም።

ትብለጥ መጀመሪያ ድስቷ ዘንድ ሮጠች። ክዳኑን አነሣች፣ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ በማማሰያ ገፋ ገፋ አደረገች። ጫማ ሶል! ከደነች። ድመቷ ዘንድ ሄደች።

"ድመት ድመት፣ ሂጂ! አንቺ አልሄድ ብለሽ ዶሮዋ አልወርድ ብላለች፤ ዶሮዋ ካልወረደች ጌጤነሽ ዱቄት አልሰፍር ብላለች፤ ዱቄት ከሌለ ክዳኑ አልገጥም ብሏል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ሥጋው አልለሰልስ ብሏል፤ ሥጋው ካልለሰለሰ ሊላማ ሳትበላ ትሄዳለች፤ ሊላማ ሳትበላ ከሄደች ጌጤነሽ ትስቅብኛለች!"

"አልሄድም" አለች ድመቷ። "ልሂድ ብልስ በየት? በአጥሩ በር ላይ የማዶው የጋሼ ወንድይራድ ውሻ ተጋድሟል። እሱ ካልተነሣ መውጫ የለኝም።"

"አጥር አትዘዪም? ድመት አይደለሽም?"

"ድሮ እዘል ነበር። አሁን አርጅቻለሁ፤ እንደ እርስዎ።"

"እንደ ማን?" ብላ ትብለጥ ነጠላዋን ስታወናጭፍባት ድመቷ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለችና መልሳ ተቀመጠች። ትብለጥም ወደ ድስቷ፤ ክዳኑን አነሣች፣ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ ገፋ ገፋ አደረገች፣ ከደነች፣ ወደ በሩ።

ውሻው መቻል ይባላል። ጥጃ የሚያህል፣ ለማንም ጭራውን የማይቆላ ውሻ ነው። በሩን ሞልቶ ተኝቷል።

"ውሻ ውሻ፣ ተነሥ! አንተ አልነሣ ብለህ ድመቷ አልሄድ ብላለች፤ ድመቷ ካልሄደች ዶሮዋ አልወርድ ብላለች፤ ዶሮዋ ካልወረደች ጌጤነሽ ዱቄት አልሰፍር ብላለች፤ ዱቄት ከሌለ ክዳኑ አልገጥም ብሏል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ሥጋው አልለሰልስ ብሏል፤ ሥጋው ካልለሰለሰ ሊላማ ሳትበላ ትሄዳለች፤ ሊላማ ሳትበላ ከሄደች ጌጤነሽ ትስቅብኛለች!"

መቻል አንድ ዐይኑን ገለጠ። "አልነሣም። እኔ ጌታዬ ሲጠሩኝ ነው የምነሣው። መንገደኛ ሁሉ ተነሥ ባለኝ ቁጥር ከተነሣሁ ክብሬ የት አለ?"

ትብለጥ ውሻውን ከራስ እስከ ጭራ አየችው። ደስም አላት። "ይሄስ የኔ ቢጤ ነው" አለች በልቧ። ፀሐይን ቀና ብላ አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ክዳኑን ለማንሣት ልትመለስ አሰበችና ተወችው። የጋሼ ወንድይራድ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ደርሳ ብትመለስ ይሻላል።

ጋሼ ወንድይራድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። በዕድሜ ከትብለጥ ዐሥር ዓመት ይበልጣሉ። ዐርባ ዓመት የትምህርት ቤት ደወል የደወሉ ሰው ናቸው፤ ደወሉ ካቆመ ወዲህ እሳቸው አላቆሙም ይባላል፤ ጨዋታቸው ረጅም ነው። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ገና ከሩቅ ሲያያቸው እርምጃውን ያፈጥናል።

"ጋሼ ወንድይራድ፣ ውሻዎን ይጥሩት!" አለች ትብለጥ እያለከለከች። "እርስዎ ካልጠሩት ውሻው አልነሣ ብሏል፤ ውሻው ካልተነሣ ድመቷ አልሄድ ብላለች፤ ድመቷ ካልሄደች ዶሮዋ አልወርድ ብላለች፤ ዶሮዋ ካልወረደች ጌጤነሽ ዱቄት አልሰፍር ብላለች፤ ዱቄት ከሌለ ክዳኑ አልገጥም ብሏል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ሥጋው አልለሰልስ ብሏል፤ ሥጋው ካልለሰለሰ ሊላማ ሳትበላ ትሄዳለች፤ ሊላማ ሳትበላ ከሄደች ጌጤነሽ ትስቅብኛለች! ይሄው፣ ትንፋሼ አለቀ፤ ይጥሩት!"

"አልጠራም" አሉ ጋሼ ወንድይራድ በእርጋታ። "ተቀመጪ።"

"ኧረ ጋሼ፣ የመቀመጫ ሰዓት ነው?"

"አንቺ ትብለጥ፣ ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነን አንድ ጨዋታዬን እስከ መጨረሻው ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? ገና አፌን ስከፍት ትገቢበታለሽ። ስሞት ለቅሶዬ ላይም ትገቢ ይሆናል። በቅሎዬን ይዤ አንኮበር የወረድሁትን ጨዋታ፣ ቃል ሳትተነፍሺ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ። ስጨርስ ውሻውን እጠራልሻለሁ።"

ትብለጥ ጣሳ ዱቄት ለምና፣ ዶሮ ለምና፣ ድመት ለምና፣ ውሻ ለምናለች። ዝም በይ ያላት ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ለሊላማ ስትል ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አፏንም ገጠመች።

"በቅሎዋ ዳማ ነበረች" ብለው ጀመሩ ጋሼ ወንድይራድ። "እናቷ የመርሐቤቴ ናት። የእናቷን እናት ግን..."

"አሁን የበቅሎ አያት ምን ያደርግልናል?" አለች ትብለጥ።

ጋሼ ወንድይራድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በቅሎዋ ዳማ ነበረች" ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ትብለጥ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። የበቅሎዋን እናት ሰማች። አያቷንም ሰማች። ኮርቻውን ማን እንደ ሰፋው፣ ስንቁ ስንት እፍኝ ቆሎ እንደ ነበረ፣ የትኛው ወንዝ ጋ ጫማቸውን እንዳወለቁ፣ በየትኛው ወንዝ መልሰው እንዳጠለቁ ሰማች። ምላሷ አፏ ውስጥ እንደ ታሰረ ፍየል ተራገጠ፤ ያዘችው። ላብ አጠመቃት። ድስቷን አሰበች፤ ልትነሣ አለች፤ ተነሣች ማለት ደግሞ ከበቅሎዋ አያት መጀመር ነው። ተቀመጠች።

"...ከዳገቱ መሐል ስንደርስ" አሉ ጋሼ ወንድይራድ፣ "በቅሎዋ ቀጥ። ሳብኋት፤ እንቢ። ገፋኋት፤ እንቢ። ለመንኋት፣ ሰደብኋት፣ ጆሮዋ ሥር ዘፈንሁላት፤ እንቢ። በመጨረሻ ሰለቸኝና ጀርባዬን ሰጥቻት ቁጭ ብዬ ቆሎዬን ቆረጠምሁ። ቆሎዬን ሳልጨርስ በቅሎዋ ራሷ ተነሥታ በአጠገቤ አልፋ ዳገቱን ወጣች። ይኸው ነው ጨዋታው።"

ትብለጥ ነጠላዋን ከጥርሷ አላቀቀች። "አለቀ?"

"አለቀ። ዕድሜ ይስጥሽ፤ እስከ መጨረሻው የሰማሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።" ሽማግሌው ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። "መቻል! ና ልጄ!"

ጋሼ ወንድይራድ ተጣሩ፤ ውሻው ተነሣ። ውሻው ተነሣ፤ ድመቷ ውልቅ አለች። ድመቷ ሄደች፤ ዶሮዋ ቆርቆሮውን እየቧጠጠች ወረደች። ዶሮዋ ወረደች፤ ጌጤነሽ ጓዳ ገብታ ዱቄቱን ሰፈረች፤ ጢም አድርጋ፣ ከአፉ እስኪፈስ፤ ሰፍራ አጎደለች ማን ሊላት! ትብለጥም ዱቄቱን አቅፋ ወደ ቤቷ ከነፈች፣ በውሃ ለወሰች፣ አሸች፣ ሊጡን እንደ ገመድ አድቦልቡላ ወደ ድስቷ ዞረች።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከሰሉን የሚያራግብ ሰው ጠፍቶ እሳቱ አመድ ለብሷል። ድስቱ በሆዱ "ጡቅ... ጡቅ" ይላል። ከክዳኑ ሥር የሚወጣው ሽታ ግን የማዳም ሱሳማ ቤት ሽታ ነው፤ ትብለጥ በሩ ላይ እንደ ቆመች የኮረዳ ልቧ መታ።

ክዳኑን አነሣች። አንድ አጥንት ያዘችና ሳብ አደረገች። አጥንቱ ብቻውን ወጣ፤ ነጭ፣ የተላጨ። ሥጋው ድስቱ ውስጥ ቀረ።

"ሥጋ ሥጋ፣ መቼ ለሰለስህ?"

"አንቺ የበቅሎ ጨዋታ ስትሰሚ" አለ ሥጋው።

"ገና ሊጡ መች መጣና? ክዳኑስ መች ታሸገ?"

"ክዳኑ ለኔ የሚበቃኝን ያህል ገጥሞ ነበር፤ ማን አስችሎት! አንቺ በየደቂቃው መጥተሽ ትከፍችናለሽ፣ ታማስይኛለሽ፣ ትንፋሼን ትለቂብኛለሽ። የሽሮ ወጥ መሰልሁሽ? ዛሬ ገና አንድ ሰዓት ሙሉ ተውሽኝ።"

እውነት ነው፤ የኛ ወጥ እጅ ይወዳል። ካላማሰሉት ይይዛል፣ ያርራል፤ የሸዋ ሴት ደግሞ ድስት ተከድኖ ስታይ እጇን ይበላታል። ትብለጥ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። የሰማ ሰው የለም።

"አውቄ ነው" አለች።

ሩዙን ቀቀለች። ሊጡንስ? ቆርሳ ጠፈጠፈችና በመጥበሻ ስስ ቂጣ አደረገችው። እሱም ቢሆን አስቀድሞ የታሰበበት መሰለ።

ልክ በሰባት ሰዓት መኪና ቆመ። ሽበታም ቀይ ዳማ ሴት ወርዳ ድንኳን የምታህል ሻንጣዋን መሬት ላይ ጥላ ሮጠች። "ትብልዬ!" አለች፤ በልጅነት አማርኛ። እንደ ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"በይ በይ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል" አለች ትብለጥ፤ ዐይኗን ግን በነጠላዋ ጠረግ አደረገች።

ጌጤነሽ "ጣሳዬን ልወስድ ነው" ብላ ገባች፤ ገብታም ተቀመጠች። ጋሼ ወንድይራድ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። መቻልም በሩ ላይ ተጋደመ።

ሊላማ ሹካውን አንሥታ ቀመሰች። አላመጠች። ዐይኗን ሣህኑ ላይ ተከለች። ትብለጥ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጥ አለ፤ እንደ በቅሎዋ።

"አልጣማትም" አለች ጌጤነሽ በሹክሹክታ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው ዓይነት ሹክሹክታ።

ሊላማ ሹካውን አስቀመጠች። የእጅ ሰዓቷን ፈታች። የሸሚዟን እጅጌ ሰበሰበች፣ ታጠበች፣ በአምስት ጣቷ ሩዙን ከካሪው ጋር ለወሰችና ጎረሰች። አጥንቱን አነሣች፤ ሥጋው ሣህኑ ላይ ቀረ። አጥንቱን በሣህኑ ጠርዝ ላይ ቋ ቋ አድርጋ መቅኑን መጠጠችው።

"እማዬ እንደዚህ ነበር የምታደርገው" አለች። "ትብልዬ፣ እናቴን ከቀበርሁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ አብረን ምሳ በላን።"

ትብለጥ አገጯን ቀና አደረገች።

"ታዲያ ማን ያበሰለው መሰለሽ? ልብስ አጣቢዋ?" ብላ ጌጤነሽን አየቻት።

"የምን ልብስ አጣቢ?" ሊላማ ሣቀች። "ትብልዬ አንድ ቀን ብቻ ልብስ አጠበችልን፤ የአባዬን ነጭ ሸሚዝ ከቀይ መጋረጃ ጋር ቀላቅላ። አባዬ ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ ሒሳብ አስተማረ። ከዚያ ወዲያ እማዬ 'ትብለጥ ከድስት በቀር ምንም እንዳትነካ' አለች።"

"ሮዙን ሸሚዝ አስታውሰዋለሁ!" አሉ ጋሼ ወንድይራድ። "ደወሉን ልደውል ስወጣ..." ይሄኔ ሁሉም ቶሎ ብለው ሩዝ ጨመሩላቸው።

ጌጤነሽ ምላሷን ዋጠች። ምላሷን ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሣህን ሩዝ፣ አራት ቁራጭ ሥጋና ሦስት ቂጣም ዋጠች። ሣህኗን በቂጣዋ ጠርጋ ስትጨርስ ድምፅዋ እንደ ሥጋው ለስልሶ ነበር።

"እትዬ ትብለጥ" አለች፤ "እትዬ" ስትላት በዘመኗ የመጀመሪያው ነው። "እስቲ እንዴት እንደሚሠራ ንገሪን።"

ሊላማም ደብተሯን አውጥታ ብዕሯን አቀናች።

ትብለጥ ነጠላዋን አስተካከለች። እንደ ዳኛ ተቀመጠች። "ጻፊ" አለቻት። "ሽንኩርቱን በዘይት እስኪጠይም። እርድ፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ። ቀረፋው አንድ ጣት፣ ቅርንፉዱ አራት ፍሬ። በርበሬ የሚባል አይነካውም፤ ጌጤነሽ፣ ሰማሽ? ሥጋው ከነአጥንቱ። እሳቱ አመድ የለበሰ።"

"ከዚያስ?" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

"ከዚያማ ድስቱን ትከድኚና ጎረቤት ትዞሪያለሽ።"

ተረቴን እዚህ ላይ ከደንኋት። የራበው ይጠብቃት፤ እጁን የበላው ግን እንዳይከፍትብኝ!